የልደትና የጋብቻ ቁጥር በደብረ ታቦርና በዙሪያው ደጋ

በተማሪዎች መካከል ስለ ሕዝብ ብዛት ክርክር ሲነሣ አዘውትሮ የሚሰማው አነጋገር ሁለት ነው። አንደኛው «ባላገሩ ልጁን ያለ ዕድሜዋ ይድራል፤ ስለዚህ ወሊዱ ልክ የለውም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የከተማ ሴት ሠልጥናለችና ልጅ አትፈልግም» የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ይመስላሉ። ነገር ግን ሁለቱም በቁጥር ሲመረመሩ እንደ ተነገሩት ሆነው አይገኙም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልደትና የጋብቻ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ፣ በተለይም በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ደጋ ምን እንደሚያስተምረን ለማሳየት ነው። ነገሩ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ እንዳይደለ ግን ከወዲሁ መናገር ይገባል። በመጨረሻ እንደምናየው፣ የአንዲት ልጅ ዕድሜ በመዝገብ መጻፉና አለመጻፉ የዕድሜ ልክ ኑሮዋን የሚወስን ነገር ነው።

ሀ/ ቁጥሩ ከየት ይገኛል?

ስለ ልደትና ስለ ጋብቻ ቁጥር የሚገኝባቸው ምንጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው መዝገብ ነው፤ ልጅ በተወለደ ጊዜ፣ ሙሽሮች በተጋቡ ጊዜ፣ ወዲያውኑ የሚጻፍ። ሁለተኛው ቆጠራ ነው፤ በአንድ ወቅት አገር የሞላውን ሰው ቤት ለቤት ሄዶ መቍጠር። ሦስተኛው የናሙና ጥናት ነው፤ ከብዙ ሺህ ቤት ጥቂቱን መርጦ፣ ሴቶችን ስለ ወለዷቸው ልጆችና ስለ ትዳራቸው መጠየቅ።

በእንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት ዓመት፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1837፣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በመንግሥት እጅ መያዝ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ የከተማ ወረዳ ቁጥር በየጊዜው እየታተመ ይወጣ ስለ ነበር፣ ሊቃውንቱ ሰፈርን ከሰፈር ለማስተያየት ቻሉ።

በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ «ክብር መዝገብ» ብዙ አንቀጾች ነበሩት። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ ራሱ እነዚህ አንቀጾች ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠራባቸው አቈያቸው። ቈይታውም ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈው። በመጨረሻ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደነገገ፤ ሥራውም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እንግሊዝ ከጀመረች 179 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሔደውም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ቀጠሮ ተይዞለት በየጊዜው ተላልፏል። ስለዚህ ስለ ወሊድ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከሦስተኛው ምንጭ፣ ከናሙና ጥናት፣ የመጣ ነው። ከእነዚህም ዋናዎቹ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. የተደረጉት የሕዝብና የጤና ጥናቶች ናቸው። የእነዚህ ጥናቶች ውጤት የሚሰጠው በክልል ደረጃ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ከዚህ በታች «አማራ ክልል» ስንል ደቡብ ጎንደርን ከሌሎቹ ዞኖች ጋር ጨምረን ነው።

ለ/ ሦስት መለኪያዎች

የመጀመሪያውና ቀላሉ መለኪያ በአንድ ዓመት የተወለዱትን ሕፃናት ለጠቅላላው ሕዝብ አካፍሎ በ1,000 ማብዛት ነው። ይህን ጥሬ የልደት መጠን ልንለው እንችላለን። ጥሬ የተባለበት ምክንያት ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ወታደሩንም፣ መነኵሴውንም በአካፋዩ ውስጥ ስለሚያስገባ ነው። እነዚህ ሁሉ አይወልዱም።

ሁለተኛው መለኪያ ልደቱን ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ብቻ ያካፍላል። ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ሆኖም ያገባችውንና ያላገባችውን አንድ ላይ ይቈጥራል።

ሦስተኛው ጠቅላላ የወሊድ መጠን የሚባለው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ15 እስከ 49 ያሉት ሴቶች በአምስት በአምስት ዓመት ተከፍለው ሰባት ክፍል ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ክፍል አንዲት ሴት በዓመት በአማካይ ስንት እንደምትወልድ ይሰላል። ይህ በ5 ይባዛል፤ ከዚያም ሰባቱ ይደመራሉ። የሚገኘው ቁጥር «አንዲት ሴት በዛሬው ልማድ ዕድሜዋን ብትጨርስ ስንት ልጅ ትወልዳለች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ይህ መለኪያ የዕድሜን ልዩነት ያስወግዳል፤ የጋብቻን ልዩነት ግን አያስወግድም።

ነገሩን ለማብራራት አንድ ምሳሌ እንፍጠር። በአንድ የገጠር ቀበሌ 1,000 ሴቶች አሉ እንበል፤ ከእነርሱም 750ዎቹ ባለ ትዳሮች ናቸው። በአንድ የከተማ ቀበሌም እንዲሁ 1,000 ሴቶች አሉ፤ ባለ ትዳሮቹ ግን 450 ብቻ ናቸው። በሁለቱም ስፍራ ከ1,000 ባለ ትዳሮች በዓመት 200 ልጆች ይወለዳሉ፤ ከትዳር ውጭ የሚወልድ የለም ብለን እናስብ። በዚህ ሒሳብ በገጠሩ 150፣ በከተማው 90 ልጆች ይወለዳሉ። ይህን ያየ ሰው «የከተማ ሴት መውለድ ትታለች» ይላል። እውነቱ ግን ያገባችው የከተማ ሴትና ያገባችው የገጠር ሴት እኩል መውለዳቸው ነው። ልዩነቱ የመጣው ከአካፋዩ፣ ማለት በከተማው ካሉት ያላገቡ ሴቶች ብዛት ነው።

ሐ/ ከቪክቶሪያ ዘመን ሎንዶን የሚገኝ ትምህርት

ይህ ምሳሌ የሐሳብ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በሎንዶን ከተማ በምሥራቅ በኩል ቤትናል ግሪን የሚባል የድኆች ሰፈር፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ኬንሲንግተን የሚባል የባለጸጎች ሰፈር ነበረ። በመዝገቡ ላይ የቤትናል ግሪን የልደት መጠን ከፍተኛ፣ የኬንሲንግተን ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ይታይ ነበር። ብዙ ሰዎችም «ድኃ እንደ ልቡ ይወልዳል፤ ሀብታም ግን ራሱን ይገዛል» እያሉ ተረጐሙት።

ነገር ግን በኬንሲንግተን ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ቤት የሚጠርጉ፣ ወጥ የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ እጅግ ብዙ ወጣት ሴቶች ተቀጥረው ይኖሩ ነበር። እነዚህ ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። የቤት ሠራተኛ ስታገባ ሥራዋን ትለቅቃለችና፣ በኬንሲንግተን ሳሉ አላገቡም፤ ሲያገቡም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደው እዚያ ይወልዱ ነበር። ስለዚህ የባለጸጎቹን ሰፈር የልደት ቁጥር ዝቅ ያደረገው የእመቤቲቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛዪቱ ብቸኝነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ኒውስሆልምና ስቲቨንሰን የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት ይህን በማስተዋል የዕድሜና የጋብቻ ልዩነት የተስተካከለበት የልደት መጠን አወጡ። በሰፈሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን በጣም ጠበበ።

ከዚህ ሌላ ስለ እንግሊዝ አንድ ነገር እንጨምር። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሴት በአማካይ ወደ 25 ዓመት ገደማ ሲሆናት ታገባ ነበር፤ ከ10 ሴቶችም አንዷ ሳታገባ ታረጅ ነበር። ጆን ሀይናል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 እንደ ጻፈው፣ ዘግይቶ ማግባትና ብዙ ሰው ሳያገባ መቅረቱ የምዕራብ አውሮፓ ልዩ ጠባይ ነበር። ኑሮ ሲከፋ ጋብቻ ይዘገያል፤ ሲሻል ይፋጠናል። ጋብቻ የወሊድ በር ነበር ማለት ነው። በእኛ ደጋ ግን በሩ ሌላ ቦታ ነው።

መ/ ደብረ ታቦርና ገጠሩ

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ 2,051,738 ነበረ። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 195,619፣ ማለት ከ100 ከ10 ያነሰ ነው። በአንድ ቤት የሚኖረው ሰው በአማካይ ከ4 ተኩል አይሞላም ነበር። «የባላገር ቤት ልጅ እንደ አሸን የፈላበት ነው» ለሚል ሰው ይህ የመጀመሪያው መጠራጠሪያ ይሁነው።

አሁን ወንድና ሴቱን ለይተን እንይ። በዞኑ በጠቅላላው 1,041,061 ወንዶችና 1,010,677 ሴቶች ተቈጠሩ፤ ለ100 ሴቶች 103 ወንዶች ማለት ነው። በደብረ ታቦር ከተማ ግን 27,644 ወንዶችና 27,952 ሴቶች ተገኙ፤ እዚህ ለ100 ሴቶች ወንዶቹ 99 ብቻ ናቸው። በገጠር ወንድ ይበልጣል፤ በከተማ ሴት ትበልጣለች። እነዚህ ትርፍ ሴቶች ከየት መጡ? ከፋርጣ፣ ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ ነው የመጡት። አንዳንዷ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ናት። አንዳንዷ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። አንዳንዷም በልጅነቷ ተድራ፣ ትዳሩ አልሆን ብሏት፣ ከባሏ ቤት ወጥታ፣ ወደ አባቷ ቤት መመለሱን ፈርታ ወይም አፍራ ከተማ የገባች ናት። ጠላ ስትጠምቅ፣ እንጀራ ስትሸጥ፣ ቡና ስታፈላ የምናያት እርስዋ ናት።

እንግዲህ ደብረ ታቦር በዚህ ረገድ ትንሽ ኬንሲንግተን ናት። የከተማዋ የልደት ቁጥር ከገጠሩ አንሶ ሲገኝ ከፊሉ ምክንያት ትምህርትና የወሊድ መከላከያ መሆኑ አይካድም። ከፊሉ ግን እነዚህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች በአካፋዩ ውስጥ መቈጠራቸው ነው። በከተማዋ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው ከዚያ ቆጠራ በኋላ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ያላገቡ ወጣቶች በላዩ ላይ ተጨምረዋል።

የከተማዋ ዕድገት ራሱ ይህን ይመሰክራል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የደብረ ታቦር ሕዝብ ከ22 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ከ55 ሺህ አለፈ። በ12 ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የትኛውም ሕዝብ በወሊድ ብቻ በዚህ ፍጥነት አያድግም፤ በዓመት ከ100 ሦስት መጨመር እንኳ ከፍተኛ የሚባል የተፈጥሮ ዕድገት ነው። ስለዚህ ከተማዋን ያሳደጋት በዋናው መጤው ነው። በአንጻሩ የመላው ዞን ሕዝብ በዚያው ዘመን የጨመረው ከ100 በ16 ብቻ ነው። ይህም በዓመት ከ100 አንድ ጥቂት ያለፈ ነው። ገጠሩ ሰው ይወልዳል፤ ለደብረ ታቦር፣ ለባሕር ዳር፣ ለአዲስ አበባ፣ ለመተማና ለሁመራ እርሻም ሰው ይሰጣል።

ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር እናክል። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ውጤት በይፋ ሲገለጽ የአማራ ክልል ሕዝብ አስቀድሞ ከተተነበየው ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል አንሶ በመገኘቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር አከራክሯል። ወሊድ ስለ ቀነሰ ነውን? ሰው ስለ ፈለሰ ነውን? ወይስ ሳይቈጠር የቀረ ስላለ ነውን? መዝገብ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ያለው ክርክር በአንድ ቀን ይቈረጥ ነበር።

ሠ/ ጋብቻ በደጋው

በጉና ተራራ ዙሪያ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ስምምነት ብቻ ሆኖ አያውቅም። የሁለት ቤት፣ የሁለት ዘር ስምምነት ነው። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት የየጁው ራስ ጉግሣ ሴት ልጆቻቸውን ለየአገሩ መሳፍንት እየዳሩ ግዛታቸውን አጠናክረዋል። ገበሬውም በአቅሙ ይህንኑ ያደርግ ነበር። በርስት ዘመን ልጅ በአባቱም በእናቱም በኩል መሬት ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ደኅና ዘር ያላት ሚስት ማግባት ለልጆች መሬት ማውረስ ነበር። ስለዚህ ወላጆች ገና በልጅነት ቃል ይገባቡ ነበር።

የጋብቻውም ዓይነት አንድ አይደለም። በቁርባን የተጋባ አይፋታም፤ ይህም በአብዛኛው የካህናትና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነው። የአብነት ትምህርት በሠለጠነበት በዚህ አገር ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ማግባት ስላለበት፣ ለእርሱ የምትታጨው ልጅ ዕድሜ ከሌላው ዝቅ ይል ነበር። በሰማንያ የተጋባ ንብረቱን ተካፍሎ ሊፋታ ይችላል። በደሞዝ የሚደረገው ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ሁለትና ሦስት ጊዜ ማግባቷ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም። የራስ ጉግሣ ዘር የሆኑት እቴጌ ጣይቱ እንኳ ዳግማዊ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. ከማግባታቸው በፊት ሌላ ትዳር ነበራቸው።

እንግዲህ «ጋብቻ» ብለን የምንቈጥረው የቱን ቀን ነው? ቃል የተገባበትን? ሠርጉ የተበላበትን? ወይስ ልጅቱ አድጋ ከባሏ ጋር አንድ ቤት የገባችበትን? በአንዳንድ ቤት በነዚህ መካከል ብዙ ዓመት ያልፋል። በጥናቶቹ የሚጠየቀው ሴቲቱ ከባሏ ጋር መኖር የጀመረችበት ዕድሜ ነው።

ወቅቱንም መርሳት አይገባም። ሠርግ በጾም አይደረግም፤ በክረምትም አይመችም። እህሉ ከተወቃ በኋላ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ እንደገናም ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ይበዛል። ስለዚህ የጥርን መዝገብ ብቻ አይቶ የዓመቱን በ12 አባዝቶ የሚገምት ሰው እጅግ ይሳሳታል።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነ በኋላ የርስት ክርክር ቀረ፤ መሬት ለማግኘት ግን ጎጆ መውጣት አስፈላጊ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የሚሸነሸን መሬት አልተረፈም፤ የይዞታ ደብተሩም በባልና በሚስት ስም ሆነ። ዛሬ የጋይንት ወጣት አባቱ ከያዘው ጥቂት ጥማድ ላይ ካልተካፈለ ወይም የሰው መሬት በእኩል ካላረሰ የሚኖርበት የለውም። ወንዱ ማግቢያው እየራቀበት፣ ሴቲቱ ግን ገና በልጅነቷ እየተጠየቀች የባልና የሚስት ዕድሜ የተራራቀ ሆኖ ቈየ።

ረ/ እንቈቅልሹ

አሁን ወደ መጀመሪያው አነጋገር እንመለስ። ባላገሩ ያለ ዕድሜ ይድራል፤ ስለዚህ ያለ ልክ ይወልዳል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው እኩሌታ እውነት ነው። በ2003 ዓ.ም. ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአማራ ክልል ሴቶች እኩሌቶቹ 14 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ሳይሞላቸው አግብተው ተገኙ። ይህ በኢትዮጵያ ካሉት ክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር፤ በአዲስ አበባ እኩሌቶቹ ያገቡት 21 ዓመት አልፏቸው ነው። 50 ዓመት እስኪጠጉ ድረስ ሳያገቡ የቀሩ ሴቶችም ከ100 ከአንዲት ወይም ከሁለት አይበልጡም። «ቆማ ቀረች» መባል በደጋው የሚፈራ ስም ነውና።

ሁለተኛውን እኩሌታ ግን ቁጥሩ ያፈርሰዋል። የአማራ ክልል ጠቅላላ የወሊድ መጠን በ1992 ዓ.ም. 5.9 ነበር፤ የመላው አገር 5.5። በ1997 ዓ.ም. የክልሉ 5.1፣ የአገሩ 5.4 ሆነ። በ2003 ዓ.ም. 4.2 እና 4.8 ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 3.7 እና 4.6። በ16 ዓመት ውስጥ አንዲት የአማራ ክልል ሴት የምትወልደው ከሁለት ልጅ በላይ ቀነሰ። ከሁሉ ቀድማ የምታገባው ሴት ከአገሩ አማካይ በታች ትወልዳለች ማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ እ.ኤ.አ. በ2015 አገሩ በሙሉ ወደ 4 ገደማ እንዲደርስ ተመኝቶ ነበር፤ አገሩ ሳይደርስበት ክልሉ አለፈው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በዋናው ወሊዱ የቀነሰው በትዳር ውስጥ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከ100 የክልሉ ባለ ትዳር ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 47 ደረሱ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበው መርፌው እስከ መንደር ስለ ገባ፣ እናት ጤና ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ቀን መጓዟ ቀረ። ከዚህም ጋር የመሬቱ ጥበት አለ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል የተነገረው ዕድሉን የሚያርስበት መሬት በነበረ ጊዜ ነው። ቀድሞም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ጡት ማጥባትና በፍቺና በዳግም ጋብቻ መካከል ያለው የብቸኝነት ጊዜ ወሊዱን ያራርቁት ነበር።

በእንግሊዝ ለብዙ ዘመን የወሊዱ በር የጋብቻ ዕድሜ ነበር ብለናል። በእኛ ደጋ በሩ ከጋብቻው በኋላ ተተከለ። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። የወሊድ ቁጥር መቀነሱን አይቶ «ችግሩ ተፈታ» የሚል ሰው ይሳሳታል። 3.7 የሚለው ቁጥር የመጀመሪያው ልጅ እናት ዕድሜዋ ስንት እንደ ነበረ አይነግረንም። በ15 ዓመቷ ወልዳ፣ ከዚያ መርፌ ተወግታ በሦስት ልጅ ያቆመችውና በ25 ዓመቷ ጀምራ ሦስት የወለደችው በሒሳቡ እኩል ናቸው። በኑሮአቸው ግን እኩል አይደሉም። የመጀመሪያዋ ከትምህርት ቤት ወጥታለች፤ ገላዋ ሳይጸና ምጥ ይዟታል። በባሕር ዳር በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው የሐምሊን የፊስቱላ ማእከል የሚያክማት እንዲህ ያለችው እናት የደረሰባትን ጉዳት ነው።

ሰ/ ዕድሜዋን ማን ያውቃል?

ሕጉ ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15፣ ወንድ በ18 ዓመት እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም.ም የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ፣ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረጉት። የወንጀለኛ መቅጫውም ዕድሜዋ 13 የሞላትን ልጅ ለዳረ እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ያለችውን ለዳረ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል።

ነገር ግን 18 ዓመት ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ መነሻ ይፈልጋል። ከጉና ግርጌ ያለች አንዲት እናት «ልጅሽ መቼ ተወለደች?» ብትባል፣ «መሬት በተሸነሸነ በዓመቱ፣ ገብስ ሲታጨድ» ትል ይሆናል። የራሷንም ብትጠየቅ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነፍስ አውቄ ነበር» ትላለች። ይህ አነጋገር ለታሪክ መልካም ነው፤ ለዳኛ ግን አይበቃም። በቆጠራዎቹም ላይ 30፣ 35፣ 40 ዓመት ነን የሚሉ ሰዎች ከ31 እና ከ36 ይልቅ እጅግ በዝተው የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። የእቴጌ ጣይቱ የልደት ዓመት ሳይቀር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ አንድ አይደለም። የእቴጌይቱ እንዲህ ከሆነ የገበሬው ልጅ እንዴት ሊታወቅ ነው?

ስለዚህ አቤቱታ በቀረበ ጊዜ አባት «18 ሞልቷታል» ይላል። አስተማሪው «ስድስተኛ ክፍል ናት» ይላል። ብዙ ጊዜም ዕድሜዋ በቁመቷና በመልኳ ይገመታል። ልጅቱ ረዘም ካለች ተፈረደባት። ሠርጉም በግልጽ እንዳይታይ በዝክር ወይም በማኅበር ስም ይደገሳል፤ እንግዳው ጠጥቶ ሲወጣ ልጅቱ ተድራለች። ያ ጋብቻ በየትም አይመዘገብም፤ በቁጥሩም ውስጥ አይገባም።

እንዲህ ያለው ነገር በሰላም ጊዜ ከባድ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ተቋረጠ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጋይንት ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ክልሉ እንደገና በጦርነት ተያዘ። ትምህርት ቤት ለልጅቱ ማስተማሪያ ብቻ አልነበረም፤ «ተማሪ ናት፤ ተዉአት» የሚያሰኝ ጋሻዋም ነበር።

ሊሠራ የሚችል ነገር እንዳለ ግን ታይቷል። በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም በሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዲቈዩ እየረዳ፣ ወላጆች ሳይድሩ ለታገሡም ከብት እየሰጠ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ ጋብቻን በእጅጉ ቀንሷል። ሰው የሚድረው ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ ኑሮውን አስቦ ነውና፣ ኑሮውን የነካ መፍትሔ ልቡን ይነካዋል።

ሸ/ መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። የከተማ የልደት ቁጥር ሲያንስ በመጀመሪያ በአካፋዩ ውስጥ ያለው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ከገጠር የፈለሰችው ያላገባችና የተፋታች ሴት ልትሆን ትችላለችና። የወሊድ መጠን ሲቀንስ ጋብቻ ዘገየ ብለን አንቸኵል፤ በአማራ ክልል አንደኛው ሲወርድ ሁለተኛው ብዙ አልተከተለውም። በጥናት የሚነገረው የጋብቻ ዕድሜ ደግሞ ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ሴቶች የሚመለከት ስለ ሆነ፣ የሚያሳየን ከ10 እስከ 30 ዓመት በፊት የተደረገውን ሠርግ እንጂ የዘንድሮውን አይደለም። የዘንድሮውን የሚያሳየን መዝገብ ብቻ ነው።

መዝገቡ ደግሞ እነሆ በየቀበሌው አለ። ሕጉ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አገራችን ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ታነሣለች። ሁለቱም ቀኖች በሕጉ ቀጠሮ ውስጥ ናቸው። በዚያች ቀን አባት፣ እናት፣ የክርስትና አባት ወይም እናትና ካህኑ ሁሉ ተሰብስበዋል፤ የልጁም ቀን ገና አልተረሳም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኩል ማለፍ ምን ያህል ድካም ነው?

ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዕረፍት ወደየመንደራችን ስንሄድ ለክርስትና መጠራታችን አይቀርም። ጠላውን ጠጥተን፣ ድፎውን ቈርሰን ብቻ እንዳንመለስ። «ሕፃኗ ተመዝግባለች ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ ካልተመዘገበችም ከአባትዋ ጋር አብረን እንሂድ። ከ15 ዓመት በኋላ ሽማግሌዎች በአባትዋ ደጅ ሲቆሙ፣ ያ ወረቀት ከሁላችን ክርክር ይልቅ ይከራከርላታል።